ሊሾ ይሻላል ኮብል? ቤተሰብ የሚያነታርከው የግቢ መግቢያ

መቼም ቤት ሲሠራ ጭቅጭቅ አይጠፋም። የሳሎኑ ስፋት፣ የቆርቆሮው ቀለም፣ የመስኮቱ ብረት… ሁሉም ያነታርካል። ይህ ሁሉ አልቆ፣ ቤት ተመርቆ፣ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ደግሞ ማንም ያላሰበው ጠብ ከተፍ ይላል። ከውጪው በር እስከ ቤቱ ደረጃ ያለችው መሬት ምን ይነጠፍባት? ሲሚንቶ? ኮብልስቶን? ጠጠር? ወይስ ከነጭቃዋ ትቅር?

«ይሄ ደግሞ ምን ያጣላል?» የሚል ካለ፣ ወይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ነው፣ ወይ ጅማን በሐምሌ አላያትም። ይህች መሬት ባልና ሚስት ታኳርፋለች፣ ወንድምና እህት ታነታርካለች፣ ጎረቤትና ጎረቤትን ቀበሌ ድረስ ታካስሳለች። እኛ ቤት ሦስት ወር ሙሉ የእራት ወሬ እሷ ነበረች። ካለቀ በኋላ አላፊ አግዳሚው እየገባ «እንዴት አድርጋችሁ ሠራችሁት?» ማለቱን ስላልተወ፣ ለአንድ ሰው ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

አራት ሰው፣ አራት ሐሳብ

ግቢያችን ያለው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። መግቢያው 18 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት አለው፤ ባጠቃላይ 54 ካሬ ማለት ነው። ቤቱ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀምጧል። መሬቱ ወደ ውጪው በርና ወደ ግራው አጥር ያዘነብላል። ከግራው አጥር ሥር አንዲት እናት ብቻቸውን የሚኖሩባት የጭቃ ቤት አለች። ይቺን ቤት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመጣባታለን።

አባባ ከሁለት ዓመት በፊት ግማሽ ጎናቸውን ስትሮክ መታቸውና በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት። በበጋ እኔ ወይም እማዬ እየገፋን መንገድ ዳር ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከሰው ያወራሉ። ክረምት ሲገባ ግን ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። «ሁለት ጎረምሳ ጠርተን እናውጣዎት» ስንላቸው የሚመልሱት አንድ ነገር ነው። «ሰው ተሸክሞኝ ከዚህ ግቢ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያ ቀን ገና ነው!» በዚሁ ምክንያት የ30 ዓመት ጓደኛቸው ሲያርፉ ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ። አባባ ያን ቀን ምሳም እራትም አልበሉም። እንግዲህ የእኛ ቤት ጥያቄ ከማማር ያለፈ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ባጃጅ አለው። ማታ ሥራ ውሎ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ያሳድራታል። በክረምት ግን እሷም እንደ አባባ ወንበር ትሰምጣለች። ጎረቤት እየተጠራ «ሆ! በል! አንድ፣ ሁለት!» ሲባል ነው የምትወጣው። የሱ ሐሳብ ቁርጥ ያለ ነበር። ሊሾ! ከአጥር እስከ አጥር ልሙጥ ሲሚንቶ!

እማዬም ለሊሾ ነው የመረጠችው፤ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው። ይቡ በኩል ከቤተሰብ የደረሳት ትንሽ የቡና መሬት አለች። ጥቅምት ላይ እሸቱ ሲመጣ ማስጫ ቦታ ታጣለች። ሊሾ ከሆነ አስጥታ ጀንፈል አድርጋ ታደርቃለች።

የእኔስ? የእኔ ሐሳብ ኪሳችን ነበር። ወጪው ከእኔና ከወንድሜ ዕቁብ ነው የሚወጣው። ጠጠር ተደፍቶ ነገሩ ቢያልቅ አልጠላሁም። ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍም «አንቺ ዘዋሪ ነሽ፣ ጠይቀሽ አጣሪ» ተብሎ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። እነሆ ያጣራሁትን።

በመጀመሪያ መሬቷን ጠይቁ

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ዘንድ ሄጄ «የቱ ይሻላል?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ምንጣፍ ከመግዛትሽ በፊት ወለሉን እዪ» አሉኝ። መጥተው በአካፋ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፈሩ። ላዩ ቀይ አፈር ነው፤ ከሥሩ ግን ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ከጥቁሩ አንድ እፍኝ አንስተው፣ ውሃ ነክረው፣ በመዳፋቸው እንደ ገመድ አሹት። እየቀጠነ ሄደ እንጂ አልተበጠሰም። «ይሄ አፈር ተኝቶ አያድርም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቁር ጭቃማ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በጥር ወይም በየካቲት ግቢያችሁ ውስጥ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ እሱ ነው። በላዩ ላይ ሲሚንቶ ብታፈሱ ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል፣ መልሶ ደግሞ ይተወዋል። ጠንካራ ነገር እጥፍ አይልም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ምንም ዓይነት ንጣፍ ምረጡ፣ ጥቁሩ አፈር በተቻለ መጠን ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ መተካት አለበት። ብዙ ሰው ብሩን ላዩ ላይ ጨርሶ ለሥሩ ይሰስታል። በሁለተኛው ክረምት የሚያለቅሰው ይሄ ሰው ነው።

ሁለተኛው ዝናቡ ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ድሬዳዋ የዚህን ግማሽ እንኳ አታገኝም። እስቲ በእኛ መግቢያ እናስላው። 54 ካሬ ላይ 1,500 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 81,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 4,050 ጀሪካን ነው! አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል እንኳ 81 ጀሪካን ነው። ይህ ሁሉ ውሃ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። አፈር ከሆነ ከፊሉ ይሰርጋል። ሊሾ ከሆነ አንድም ጠብታ ሳይሰርግ፣ ፍጥነት ጨምሮ፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሮጣል። እኛ ጋ ዝቅተኛው ቦታ የት ነው? የግራው አጥር።

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ

ጠጠር፦ ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ውሃም ያሳልፋል። ከኮንክሪት ጠጠር ውስጥ ዜሮ ሁለት የሚባለው ተመራጭ ነው ይላሉ። ችግሩ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ጭቃ ነው። ጎማ በረገጠው ቁጥር ጠጠሩ እየሰመጠ፣ ጭቃው እየወጣ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ «ጠጠሬ የት ገባ?» ትላላችሁ። ዊልቸር ደግሞ በጠጠር ላይ አይገፋም። የፊት ትናንሽ ጎማዎቹ ይቀረቀራሉ። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ በመጀመሪያው ሳምንት ወደቀ።

ሴራሚክ፦ አንዳንድ ቤት ግቢውን ሁሉ አብረቅራቂ ሴራሚክ ያደርጋል። በፎቶ ያምራል። ዝናብ ሲነካው ግን በሽታ ነው፤ አሮጊት ይጥላል፣ ነፍሰ ጡር ይጥላል። የሳሎን ነገር ሳሎን ይቅር።

ሁለት የጎማ መስመር፦ መኪናው የሚረግጠውን ሁለት መስመር ብቻ ሲሚንቶ ማድረግና መሀሉን ሣር መተው ማለት ነው። ለመኪና ድንቅ ነው፤ ሲሚንቶ ይቆጥባል፣ ሣሩ ውሃ ይጠጣል። ባጃጅ ግን ሦስት እግር ነው ያለው! የፊቱ ጎማ መሀል ለመሀል ሣሩ ላይ ይሄዳል። ወንድሜ ይህን ስነግረው በሳቅ ፈረሰ። «ባጃጄን አራት እግር አድርጊልኝና እንስማማለን» አለኝ።

ሊሾ፦ ልሙጥ ነው፣ ለመጥረግ ይመቻል፣ ለዊልቸር የሚተካከለው የለም። ሲሚንቶው ግን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ካሉት ከነሙገርና ደርባ ፋብሪካዎች ተነስቶ የሚመጣ ከሆነ፣ ጅማ ለመድረስ አዲስ አበባን አልፎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዋጋው ላይ መንገዱም አለበት። በ2013ና በ2014 ዓ.ም ሲሚንቶ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ሲወጣ ስንት ቤት በጅምር እንደቀረ ታስታውሳላችሁ። የእኛ 54 ካሬ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢሞላ 5.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ሲቀላቀል ወደ 19 ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ ይበላል። ዋጋውን አልጽፈውም፤ ጋዜጣው እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ይለወጣል! ከተሰነጠቀ ደግሞ መስበር ነው፤ ተነቅሎ ተመልሶ አይተከልም።

ኮብልስቶን፦ አገራችን ውስጥ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም ማብቂያ ገደማ፣ በጀርመኖች የቴክኒክ ድጋፍ፣ ድሬዳዋ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጅማን ጨምሮ ስንት ከተማ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን በሱ አነጠፈ። ጥበቡ ግን ጥንታዊ ነው። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት የጀመሩት የአፒያ መንገድ የተነጠፈው በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ዛሬም ሰው ይሄድበታል። የእኛም ደጋ የተሠራው ከዚያው ዘመድ ድንጋይ ነው። ኮብል የሚባለው ጎኑም ቁመቱም 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ የተጠረበ ነው። በአንድ ካሬ ከ80 እስከ 90 ድንጋይ ይገባል። በየድንጋዩ መሀል አሸዋ ስላለ ከውሃው ከፊሉ ይሰርጋል፣ የቀረውም ፍጥነቱ ይቀንሳል። አፈሩ ሲያብጥ ድንጋዮቹ አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ እንጂ አይሰበሩም። የሰመጠ ቦታ ካለ ነቅሎ፣ አሸዋ ጨምሮ፣ ያንኑ ድንጋይ መመለስ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለው? አንደኛ፣ ለዊልቸር ያንገጫግጫል። የታመመ ሰው በኮብል ላይ 18 ሜትር ስትገፉት ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ትሰማላችሁ። ሁለተኛ፣ ወንድሜ አለ።

ወንድሜ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር፣ በ2005 ዓ.ም አካባቢ ከሠፈር ልጆች ጋር ተደራጅቶ ሁለት ዓመት ኮብል ጠርቧል። ያን ጊዜ «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን» የሚለው ቀልድ በየሻይ ቤቱ ይወራ ነበር። ዲግሪም ሳይኖረው ቀልዱ እሱን ያመው ነበር። ባጃጇን የገዛበት የመጀመሪያው ብር የተጠራቀመው ከዚያ ድንጋይ ነው፤ ግን ስሙን መስማት አይወድም። «ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራውን የጠጣሁት አይበቃም? አሁን ደግሞ እቤቴ ድረስ መጥቶ ሊያስለኝ ነው?» አለና ጨዋታው አበቃ። ሦስት ለአንድ ሆኖ ሊሾ አሸነፈ። ግንበኛ ተቀጠረ።

እማማ የጠየቁን ጥያቄ

ሥራው ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከግራው አጥር ሥር ያሉት እናት መጡ። ቡና ተፈልቶ ነበር። አንደኛውን ጠጡ፣ ሁለተኛውን ጠጡ፣ ስለ ጤና ስለ ኑሮ ተጠያየቅን። ሦስተኛው ላይ ስኒያቸውን አስቀመጡና ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እናንተም ልትዘጉት ነው አሉ?»

«ምኑን እማማ?»

«መሬቱን።»

ከእሳቸው ቤት በላይ በሌላ በኩል ያለ አንድ ግቢ ካቻምና ከጥግ እስከ ጥግ ሊሾ ሆኗል። በዚያው ክረምት ውሃው በእሳቸው አጥር ሥር ገብቶ የጓዳቸውን ግድግዳ እግሩን አራሰው። የጭቃ ቤት ደግሞ ከላይ ስንት ዝናብ የሚችለውን ያህል ከሥሩ ከረጠበ አይችልም። ምርጊቱ ረገፈ፣ ማገሩ በሰበሰ፣ አንድ ለሊት ግድግዳው ተዘርግቶ ወደቀ። እግዜር ሲያወጣቸው እሳቸው በወዲያኛው ክፍል ነበሩ። የዕድር ሰው ተባብሮ መልሶ አቆመላቸው። አሁን የቀራቸው ደረቅ ግድግዳ በእኛ በኩል ያለው ነው።

«እኔ ከልክዬ አይደለም» አሉ። «ግቢያችሁ ነው። የአባትሽንም ችግር አውቃለሁ፣ በመስኮት ቁጭ ብለው አያቸዋለሁ። ብቻ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እማዬ ረከቦቱን ታስተካክላለች፣ ወንድሜ ስልኩን ይነካካል። ማን ምን ይበል? በአንድ በኩል የአባባ ክረምት አለ፤ በሌላ በኩል የእማማ ግድግዳ አለ። ሁለቱም እውነት ነው። «ቦይ እንሠራለን» ብሎ መሸኘት ቀላል ነበር። 81 ጀሪካን ውሃ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ግን ቦዩ በቅጠል ይደፈንና አጥሩን ይዘላል፤ ይሄን በየሠፈሩ አይተነዋል።

«ወንበሬ ሦስት ሜትር ነው እንዴ?»

ዝም ብለው ሲሰሙ የቆዩት አባባ ከስትሮኩ ወዲህ ምላሳቸው ትንሽ ይተሳሰራል፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«ስሙኝ» አሉ። «ሊሾ የምታደርጉት ለኔ ነው አይደል?»

«አዎ አባባ።»

«ወንበሬ ሦስት ሜትር ነው እንዴ?»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ቀጥሎ ወንድሜ ተነስቶ ሜትር አመጣና ለካ። ዊልቸሩ ከጎማ እስከ ጎማ 66 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአባባ የሚያስፈልጋቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ልሙጥ መንገድ ብቻ ነበር! የቀረው ሁለት ሜትር ለምን ይዘጋ?

ወንድሜ ሜትሩን እንደያዘ ወደ ባጃጇ ሄደ። ቆይቶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። «መሀል ለመሀል ከሆነ እኮ የፊት ጎማዬ ሲሚንቶው ላይ፣ የኋላዎቹ ግራና ቀኝ ኮብሉ ላይ ይሆናሉ» አለ። ኮብል የሚለውን ቃል ሳይሳደብ ሲጠራው ሰማን። እማማ ሦስተኛውን ስኒ አነሱ።

እማዬ ግን አልተሸነፈችም። «ቡናዬስ?» አለች። ይህንንም አጣርቼ ነበር። እሸት ቡና ሽታ ይስባል። የባጃጅ ዘይትና ቤንዚን የሚንጠባጠብበት ሲሚንቶ ላይ የተሰጣ ቡና፣ ቀማሽ ፊት ሲቀርብ ራሱን ያጋልጣል። መሬት ላይ ከተሰጣ ደግሞ አፈር አፈር ይላል። የቡና ባለሙያዎች የሚመክሩት ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ነው፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከሥር ነፋስ ያገኘዋል፤ ዝናብ ሲመጣም በሸራ ይሸፈናል። ከሲሚንቶው በሚተርፈው ብር የባሕር ዛፍ እንጨትና ወንፊት ሽቦ ተገዝቶ አልጋው ጓሮ እንዲሠራላት ተስማማን። «እንግዲህ እናያለን» አለች። እማዬ «እናያለን» ካለች እሺ ማለቷ ነው።

እንዴት ተሠራ?

በጥር 2016 ዓ.ም፣ መሬቱ ደረቅ እያለ ተጀመረ። ልታሠሩ ለምታስቡ ቅደም ተከተሉ እነሆ፦

በመጀመሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ተቆፈረ። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ 25 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ በሁለት ዙር እየተደለደለና ውሃ እየጠጣ ተጠቀጠቀ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ደፍቶ ላዩን ብቻ መጠቅጠቅ ማታለል ነው፤ ቆማችሁ እዩ።

ቀጥሎ መሀል ላይ ያለው የአንድ ሜትር ሲሚንቶ ተሞላ። ከሥሩ ገረጋንቲ ተጨምሮ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በየሜትር ተኩሉ መገጣጠሚያ ስለተተወለት 12 ቦታ ተከፈለ። መሰንጠቁ ካልቀረ በተፈቀደለት መስመር ይሰንጠቅ ነው ነገሩ። ላዩ እንደ ሳሎን እንዲያብረቀርቅ አላደረግንም። እርጥብ እያለ በመጥረጊያ ጭረት ጭረት ተደርጓል፤ በዝናብ እንዳያንሸራትት። ከዚያ 7 ቀን ሙሉ በጆንያ ሸፍነን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣነው። የፈጀው ሲሚንቶ ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ ነው። አሥራ ዘጠኝ ተኩሉን አስታውሱ!

ግራና ቀኝ ባለው 36 ካሬ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ተነጥፎ ወደ 3,000 ገደማ ኮብል ተደረደረ። ዳር ዳሩ በጠርዝ ድንጋይ ተያዘ። ጠርዝ የሌለው ኮብል መቀነት እንደሌለው ቀሚስ ነው፤ ቀስ በቀስ ይበተናል። ከመሀሉ ወደ ዳር በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል በውሃ ልክ ተለካ። በግራው አጥር ሥር ሰፋ ያለ ቦይ ተሠርቶ፣ የሚተርፈውን ውሃ በውጪው በር አሳልፎ የመንገዱ ዲች ውስጥ ይከተዋል። ኮብል ውሃውን ሁሉ ይጠጣል የሚላችሁ ካለ አትመኑት፤ ጥቁር አፈር ላይ ቦይ ግዴታ ነው። የጣሪያውም ውሃ ግቢ ውስጥ እንዳይወርድ አሸንዳ ተደርጎ ወደ በርሜል ገባ።

በመጨረሻም ደረጃው። 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነበረው። ለዊልቸር መወጣጫ አንድ እጅ ለመውጣት አሥራ ሁለት እጅ መንደርደሪያ ያስፈልጋል ይላል ሕጉ፤ ስለዚህ 3 ሜትር ከ60 የሚሆን መወጣጫ በጎኑ ተሠራ። አጭርና ቀጥ ያለ መወጣጫ ሠርተው ወንበሩን ወደ ኋላ የሚገለብጡ አሉ፤ ተጠንቀቁ።

ከአንድ ክረምት በኋላ

ክረምቱ መጣ። በሰኔው የመጀመሪያ ትልቅ ዝናብ ማታ፣ ወንድሜና እኔ ጃንጥላ ይዘን ግራው አጥር ሥር ቆመን ውሃውን ስናይ አመሸን። በቦዩ ሞልቶ ወረደ እንጂ አጥሩን አልነካም። በማግስቱ እማማ ዘንድ ገባሁ። ምንም ሳይሉ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝና ግድግዳውን በመዳፌ አስነኩኝ። ደረቅ ነበር።

ሁሉም ነገር ፍጹም ሆነ አልልም። ከ12ቱ የሲሚንቶ ክፋዮች በሁለቱ መገጣጠሚያ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ወጥቷል። ውጪው በር አጠገብ፣ ባጃጇ የምትታጠፍበት ቦታ፣ ኮብሉ ረግረግ ብሎ ሰመጠ። ግንበኛ ልንጠራ ስንል ወንድሜ «ተዉት» አለና መዶሻ ይዞ ተንበረከከ። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ነቅሎ፣ አሸዋ ጨምሮ፣ አስተካክሎ መለሰው። እጁ አልረሳም። እየሠራ «ይሄን የደረደረው ሰው እጁ አልተፈታም» እያለ ያጉተመትም ነበር። እማዬ በመስኮት እያየችው ሳቀች። እሱ አሁንም ኮብሉ ባጃጄን ያንገጫግጫታል ማለቱን አልተወም፤ የሠፈር ሰው ሲያደንቅ ግን «እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» ይላል።

አባባ ደግሞ በነሐሴ የዕድር አባል ሲያርፉ ለቅሶ ደረሱ። ያን ቀን ዝናብ ነበር። በጉልበታቸው ላይ ሸራ አልብሰን እኔ ገፋኋቸው። ውጪው በር ስንደርስ «አቁሚ» አሉኝ። ዞረው መንገዱን ከቤት እስከ በር ተመለከቱት። «በል እንሂድ» ብቻ ነው ያሉት።

ለእናንተ የምመክረው

አንደኛ፣ «የቱ ያምራል?» ከማለታችሁ በፊት «ውሃው የት ይሄዳል?» በሉ። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ተከተሉት። ጅማ ላይ ሁሉም ውሃ መጨረሻው ወደ አዌቱና ወደ ቦዬ ረግረግ ነው፤ እስኪደርስ ድረስ ግን በስንት ሰው ጓዳ ያልፋል?

ሁለተኛ፣ ከእናንተ በታች ያለውን ጎረቤት ሥራው ሳይጀመር አነጋግሩ። ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን የሚጎዳ ነገር እንዳይሠራ የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ይከለክላል። ነገር ግን ቡና ጠርቶ መነጋገር ከክስ ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ አፈራችሁን አሹት። እንደ ገመድ ከቀጠነ ገንዘባችሁን ሥሩ ላይ አውሉት።

አራተኛ፣ ቤታችሁ ውስጥ መራመድ የሚከብደው ሰው ካለ በሱ እግር አስቡ። ዛሬ ከሌለም ነገ ሁላችንም እናረጃለን። ግን የሚያስፈልገውን ያህል ለኩ፤ አንድ ሜትር ለሚበቃው ሦስት ሜትር አትዝጉ።

አምስተኛ፣ የሲሚንቶ ሥራ በጥርና በየካቲት ይሁን። በሐምሌ «እንሥራልሽ» የሚል ግንበኛ ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ሜትር ከሌላችሁ ደግሞ ከጎረቤት ተዋሱ፤ ያኔ ወሬውም እግረ መንገዱን ይጀመራል። ቸር ይግጠመን!